የጧፉ ወርቅ ወይስ የነጠላው ነጭ

በዓል ሲሆን በዋግ ደጋ ሌሊቱን ቆመው የሚያነጉት ካህናቱ ብቻ አይደሉም። ካሜራ ወይም ስልክ የያዘ ወጣትም ከቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ተጠግቶ ያነጋል። ጧፉ ሲበራ ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ የከበሮው ልባስ፣ የመሪጌታው ጥምጣም ሁሉ ወርቅማ መልክ ይይዛል። የደሃና ወረዳ ከተማ የሆነችው አምደወርቅ የስሟ ትርጉም የወርቅ ዓምድ ነው፤ እንዲህ ባለ ሌሊት ስሙ ለየቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ ሁሉ የተሰጠ ይመስላል።

ክርክሩ የሚመጣው ጠዋት ፎቶው ሲታይ ነው። ካሜራው ነጠላውን ብርቱካን አድርጎት ከሆነ ባለ ነጠላው «ልብሴን አቆሸሽከው» ይላል። ፎቶ አንሺው አርሞ ወተት አስመስሎት ከሆነ ደግሞ ሌላው «ይኼማ ቀን ነው፤ የትኛው ሌሊት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ይህን ክርክር የጣዕም ጉዳይ ነው ብዬ ላልፈው አልፈልግም። የአገራችን ሰው፣ ጨርቅና ቅርስ በምን መልክ ለልጅ ልጅ እንደሚደርስ የሚወስን ነገር ነው። በሰው ሠራሽ ብርሃን ሥር ነጩን ነጭ ማድረግ ይገባል የሚሉትም፣ ብርሃኑ የሰጠው መልክ ይቆይ የሚሉትም ሊሰሙ የሚገባቸው ምክንያት አላቸው።

ነገሩ ከብርሃኑ ይጀምራል። ማንኛውም ብርሃን የራሱ ቀለም አለው፤ ባለሙያዎች ይህን የቀለም ሙቀት በኬልቪን ይለኩታል። ጧፍና ሻማ ወደ 1,900 ኬልቪን ናቸው። ባለ ክሩ የድሮ አምፖል ከ2,700 እስከ 2,850፣ የስቱዲዮ ሃሎጂን 3,200፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ፣ ደመናማ ሰማይ 6,500 እና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይና ብርቱካን፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ብረት የሚያግል ባለ እጅ ይህን ያለ መለኪያ ያውቀዋል፦ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካን ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ፣ እሳቱ ሲበረታ ወደ ነጭ ይሄዳል።

ኋይት ባላንስ ማለት ለካሜራው «ያለህበት ብርሃን ይህን ይመስላል» ብሎ መንገር ነው። ካሜራውም ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እያበዛ ወይም እያሳነሰ ያካክሳል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በካሜራው ላይ ቁጥሩን ከፍ ሲያደርጉት ፎቶው ይሞቃል፤ ካሜራው ብርሃኑ ሰማያዊ እንደሆነ ስለተነገረው ብርቱካን ይጨምርበታልና። ደግሞም የቁጥሩ ክብደት በየቦታው እኩል አይደለም። በጧፍ ዙሪያ 300 ኬልቪን መሳት ፎቶውን ያበላሻል፤ በጥላ ውስጥ፣ 7,000 አካባቢ፣ ያው 300 ኬልቪን ዓይን አይገባም።

ሌሊቱ በጧፍ ብቻ ቢበራ ሥራው በቀለለ ነበር። የዛሬው ሌሊት ግን የመብራት ቅይጥ ነው። ከመቅደሱ ደጃፍ ጧፍ ይነዳል፣ ከጣራው በሶላር የሚሠራ ነጭ ኤልኢዲ ይንጠለጠላል፣ አንባቢው መጽሐፉን የሚያነበው በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ ብርሃን ነው። በሰርግ ዳስም እንዲሁ ነው። ጄኔሬተር የሚያበራው ባለ ክር አምፖል በአንድ ጥግ፣ ኃይል ቆጣቢው በሌላ ጥግ፣ የቪዲዮ አንሺው መብራት ደግሞ በቀጥታ ከሙሽሮቹ ፊት ላይ። ዳሱ የተከደነበት ሸራ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ከሸራው የሚመለሰው ብርሃን ሁሉ ያንኑ ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ የሙሽራዋ ቬሎም ሸራውን ይመስላል።

ባለ ክሩ አምፖል እየቀረ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢውን በነፃ በሚሊዮን የሚቆጠር ሲያድል፣ የከተማው ሰው ማታ ማታ የሚኖርበት ቀለም በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ለኤሌክትሪኩ ቁጠባ ነበር። ለፎቶ አንሺው ግን አንድ ወጥ ከሆነ ሙቅ ብርሃን ወደ አረንጓዴ ወደሚያደላ፣ ከአምፖል አምፖል ወደሚለያይ ብርሃን መሸጋገር ሆነ። ባለ ክሩም ቢሆን ቀለሙ የሚጸናው ኃይሉ ሲጸና ነው። የመስመሩ ኃይል 10 በመቶ ሲወርድ አምፖሉ ከመደብዘዙ በላይ ከ100 ኬልቪን በላይ ይቀላል። ኃይል በሚዋዥቅበት ከተማ ራት ሰዓት ላይ የተስተካከለ ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ የተስተካከለ አይሆንም።

ነጩ ነጭ ይሁን የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃቸው ብራናው ነው። ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ስለሚሠራ በተፈጥሮው ነጭ አይደለም፤ ክሬም፣ ቢጫማ፣ ዕድሜ ሲጫነው ቡናማ ይሆናል። በኦቶ ላይ ያለ፣ ማለትም ኋይት ባላንሱን ራሱ የሚመርጥ ካሜራ በፊቱ የተዘረጋውን ገጽ ሁሉ ቢጫማ ሆኖ ሲያገኘው፣ ቢጫነቱ የመብራቱ ነው ብሎ ይገምትና ያወጣዋል። ውጤቱ ወደ አመድማ ሰማያዊ ያደላ ብራና፣ ወደ ሐምራዊ የሸሸ ቀይ ቀለም ነው። ከሥዕሉ ሰማያዊና የቅዱሱ ስም ከተጻፈበት ቀይ ተነሥቶ ስለ መጽሐፉ ዘመን ሊገምት የሚፈልግ ተመራማሪ በዚህ ፎቶ ይሳሳታል። በሁለት ሌሊት፣ በሁለት መብራት የተነሡ ሁለት ቅጠሎችም የአንድ መጽሐፍ አይመስሉም።

ይህ ወገን ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በጥቁርና ነጭ ፊልም አትርፏል። የዚያን ሥራ ውለታ የማይረሳ ሰው ሁሉ አንድ ጸጸት ይሰማዋል፦ ንባቡ ተረፈ፤ የሥዕሉና የሐረጉ ቀለም ግን ከፊልሙ ላይ የለም። ከዚያ በኋላ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ያደራጁት «መዝገበ ሥዕላት» በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአብያተ ክርስቲያናት፣ የሥዕልና የንዋያተ ቅድሳት ፎቶዎችን በቀለም ሰብስቧል። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ በዋሻ ውስጥ የቆመውን የይምርሐነ ክርስቶስን ጣራ ወይም ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ከዓለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የሚያነሣ ሰው የቀን ብርሃን በቂ አያገኝም። የይምርሐነ ክርስቶስ ጣራ በቀለምና በእንጨት ጥበብ የተሞላ ነው፤ ያለበት ዋሻ ግን ጨለማ ነው። መብራት ይዞ መግባት ግዴታ ነው፤ የያዘው መብራት ቀለም ደግሞ በሥዕሉ ላይ ይደረባል። ድንገት እሳት፣ ጎርፍ ወይም ጦርነት ዋናውን ቢያጠፋው ምስክር ሆኖ የሚቀረው ፎቶው ነውና፣ ምስክር በመብራቱ ቀለም ሊናገር አይገባም። ለዚህ ነገር መልስ ያለው ሰው አላየሁም፤ እኔም መልስ የለኝም።

ሸማኔውና ነጋዴውም ከዚሁ ወገን ናቸው። ደንበኛ ዛሬ የሐበሻ ቀሚስ የሚመርጠው በስልክ ተልኮለት ነው። ጥበቡ በሱቁ መብራት ብርቱካን መስሎ ተልኮ ሲደርስ ቀይ ከሆነ ቀሚሱ ይመለሳል። የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ነገርማ ክርክርም አያስፈልገው።

የሰው ፊት ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። አማርኛችን ለመልክ ስስ አይደለም። ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ እንላለን፤ አንዲት እናት ስለ ልጆቿ ስትናገር እነዚህን አታምታታም። ካሜራ ግን ያምታታል። 6,500 ኬልቪን በሆነ ርካሽ ኤልኢዲ ሥር ጠይሙ ፊት አመድ ይመስላል፤ በጧፍ ሥር ቀይ ዳማው ሸክላ ይመስላል። የፊልሙ ዘመንም ከዚህ አልዳነም። የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የማመሳከሪያ ፎቶ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእርሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ትክክል ነው ይባል ነበር፤ ጠይሙ ፊት በዚያ ሚዛን ሲመዘን ኖረ። ስለዚህ «ትክክለኛ ቀለም» የሚለው ቃል ራሱ ማንን አይቶ እንደተበጀ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ግን ትክክለኛነትን የሚያስጥል አይደለም። ይልቅስ የራሳችንን ፊት መነሻ ያደረገ ትክክለኛነት እንድንይዝ የሚያስገድድ ነው፤ በዚህም የመጀመሪያውን ወገን ያጠናክራል ብዬ አምናለሁ።

ሌላኛው ወገን ምን ይላል? እኔ ያየሁትን አንሣ ይላል። ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው ወርቅ አይቷል፤ ዕጣኑ ውስጥ የሚንሳፈፈው ብርሃን ሙቅ ነበር። ያንን አውጥቶ ነጠላውን ወተት ማድረግ የሌሊቱን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ፎቶው የጨርቁን ቀለም አተረፈ፣ ጸሎቱን ግን በቀን ብርሃን ገልጦ አቀረበ። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሙያዊ ምክንያትም አለው። የጧፍ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊው እጅግ ጥቂት ነው። ነጩን ነጭ ለማድረግ ካሜራው ያንኑ ጥቂት ሰማያዊ ብዙ እጥፍ ማጉላት አለበት፤ ሲያጎላው ከሰማያዊው ጋር አሸዋ የመሰለው ነቁጥ ሁሉ አብሮ ይጎላል። ጥላው ይቆሽሻል፣ ፊቱ ይሻክራል። ከዚህም በላይ የአብዛኞቹ ካሜራዎች የኬልቪን ቁጥር ከ2,500 በታች አይወርድም። ጧፉ ግን 1,900 ነው። ሠሪዎቹ ሳይሉት፣ መሣሪያው ራሱ የጧፉን ሙቀት በሙሉ ለማውጣት የተበጀ አይደለም።

አሁን ሁለቱም ወገኖች ወደሚተማመኑበት ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ዓይን ነው። አንደኛው «ነጠላው ነጭ እንደሆነ ዓይኔ አይቷል» ይላል፤ ሁለተኛው «ወርቃማ እንደነበር ዓይኔ አይቷል» ይላል። ዓይንና አእምሮ በአንድ ብርሃን ሥር ጥቂት ደቂቃ ሲቆዩ ይለምዱታል፤ የብርሃኑን ቀለም በራሳቸው ያካክሳሉ። ለዚህ ነው በፋኖስ ብርሃን እንጀራውና ወተቱ የተምታታበት ሰው የሌለው። ነገር ግን ይህ ልማድ ብርሃኑ እንደ ጧፍ በጣም ሲሞቅ ሙሉ አይሆንም። ዓይን መንገዱን ይጀምርና ሳይጨርስ ይቆማል። ካሜራው ምንም ሳያካክስ ቢያነሣ ሰውዬው ካየው እጅግ የበለጠ ብርቱካን ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ቢያካክስ ሰውዬው ያላየው ነጭ ይወጣል። ማኅሌቱ ውስጥ የቆመው ሰው ያየው ነጠላ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ወደ ነጭ ያደላ ክሬም ነው። ስለዚህ «እንዳየሁት» የሚለውን ማስረጃ አንዱም ወገን ብቻውን ሊወስደው አይችልም። የካሜራ ሠሪዎቹም ይህን ያወቁት ይመስለኛል። ዛሬ ብዙ ካሜራ ሁለት ዓይነት ኦቶ አለው፤ አንዱ ነጩን የሚያስቀድም፣ ሌላው የብርሃኑን ሙቀት የሚያቆይ። መሐንዲሶቹም ምርጫውን ለሰው ትተውታል።

ከዋግ ጎረቤት የሚገኘው የላሊበላ ገና ይህን ሁሉ በአንድ ንጋት ያሳያል። ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዓለት ጫፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ይቆማሉ። ከላይ ያለው ሰማይ ገና ሰማያዊ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሰማዩ ብርሃን ከ10,000 ኬልቪን ሊያልፍ ይችላል። በምእመናኑ እጅ ያለው ጧፍ 1,900 ነው። ሰማዩን ነጭ ያደረገ ፎቶ አንሺ ፊቶቹን እሳት ያስመስላቸዋል፤ ፊቶቹን ያስተካከለ ደግሞ የካህናቱን ነጭ ልብስ ውኃ ሰማያዊ ያደርገዋል። ለዚህ ቦታ አንድ ትክክለኛ ቁጥር የለም። እዚህ ላይ የሁለተኛው ወገን ነገር ያሸንፋል፦ ሰማያዊውና ወርቁ ተገናኝተው ካልታዩ ንጋቱ አልተነሣም። በመካከል፣ ከ3,800 እስከ 4,500 ባለው ስፍራ፣ ቁጥሩን ቆልፎ ማንሣት ሁለቱንም ያተርፋል። ኦቶ ግን ካሜራው ወደ ሰማይ ሲዞር አንድ፣ ወደ ሕዝቡ ሲዞር ሌላ ቀለም ይሰጣል፤ አንድ በዓል ሃያ በዓል ይመስላል።

ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ልማድ አለ። «ነጭ ከፈለግህ ነጠላውን ተመልከት» ይባላል። ነጠላው ላይ ካሜራውን አነጣጥሮ ኋይት ባላንስ መያዝ ለፈጣን ሥራ አይከፋም፤ ነገር ግን ነጠላ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። በእጅ የተፈተለ፣ ብዙ ያልታጠበ ጥጥ ክሬም ነው። በእርሱ የተስተካከለ ፎቶ ያንን ክሬም ነጭ ሲያደርግ ፊቱን ያቀዘቅዘዋል። በሳሙና ዱቄት ደጋግሞ የታጠበው ደግሞ በሳሙናው ውስጥ ያለውን ማንጫ ተሸክሟል። ማንጫው ከፀሐይ ወይም ከፍላሽ የማይታየውን ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ያበራል፤ በእርሱ የተስተካከለ ፎቶ ቢጫ ይሆናል። በጧፍና በተራ ኤልኢዲ ሥር ያ የማይታይ ጨረር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ማንጫው ይተኛል። ስለዚህ የታጠበው ነጠላ ከቀን ይልቅ ማታ የተሻለ ምስክር ነው፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀትም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚሻለው ግራጫ ካርድ ነው፤ ሰፋ ላለ ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ባለ 24 ቀለም ማመሳከሪያ ሰሌዳ አለ። እነዚህ ካልተገኙ በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ የሚሸጠው፣ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙት ነጭ ቴፍሎን ጥሩ ምትክ ነው። ቴፍሎን ለሁሉም ቀለም እኩል የሚመልስ ነገር ነው። በጠንካራ ካርቶን ላይ ደጋግሞ መጠምጠም፣ ከሥሩ ያለው እስካይታይ ድረስ ማወፈር፣ ሲያነሡትም ብርሃኑ እንዳያቃጥለው መጠንቀቅ ይበቃል።

ካርዱም ሆነ ቁጥሩ የማያድነው ነገር ግን አለ፤ ስለዚህ የተከራካሪዎቹን ትኩረት ወደዚህ ብመልሰው ደስ ይለኛል። ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስገኙት ሦስት የጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያበራ ሽፋን ይደረብበትና ለዓይን ነጭ ይመስላል። በርካሹ ውስጥ ግን ጥልቁ ቀይ ብርሃን ከመጀመሪያውም በጣም ትንሽ ነው። ኋይት ባላንስ ያለውን ያመዛዝናል፤ የሌለውን አይፈጥርም። የጥበቡ ቀይ፣ የእመቤታችን ሥዕል መጎናጸፊያ፣ የጠይም ፊት ደም ግባት በዚህ መብራት ሥር ደርቆ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመረው ቀይ የግምት ቀይ ነው። የመብራት ካርቶን ላይ ሲአርአይ ተብሎ እስከ 100 የሚጻፈው ቁጥር ይህን ለማሳየት የወጣ ነው፤ ነገር ግን የሚሰላው በ8 የደበዘዙ ቀለሞች ስለሆነ ጥልቁን ቀይ አይጠይቅም። 80 የተጻፈበት አምፖል ቀዩን ሊገድል ይችላል። ጧፍና ባለ ክር አምፖል ግን ሰማያዊው ቢያንሳቸውም ቀዩን አያጓድሉም። ስለዚህ ለፊትና ለጨርቅ፣ የኬልቪን ቁጥሩ ለቀን ብርሃን የቀረበ ከሚመስለው ርካሽ ኤልኢዲ ይልቅ ከቀን ብርሃን እጅግ የራቀው አሮጌ አምፖል ይሻላል።

ፍላሽ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ለሰርግ እውነት ነው፤ በፍላሹ ፊት ብርቱካን ላስቲክ ከተደረገበት ከአምፖሉ ጋር ይዛመዳል፤ ሙሽሮቹ ሰማያዊ፣ ጀርባው እሳት ከመሆን ይድናል። ለማኅሌት ግን አልመክረውም። ጸሎትን በብልጭታ መቁረጥ ለየትኛውም ቀለም የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ በብዙ ቦታም አይፈቀድም። ኒዮንና ኃይል ቆጣቢ ባለበት ክፍል ደግሞ የመዝጊያውን ፍጥነት በ1/50 ወይም በ1/100 ላይ መያዝ ይጠቅማል። መብራታችን 50 ኸርዝ በመሆኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ከዚያ የፈጠነ መዝጊያ የብልጭታውን ክፋይ ብቻ እየያዘ ከፎቶ ፎቶ ቀለሙን ይለዋውጣል።

በራው ማንሣት ክርክሩን ይዘጋዋል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያርመው ያስቀመጠው ጥሬ ምስል፣ ቁጥሩን በኋላ ለመቀየር ነፃነት ይሰጣል። ካርድ በፍሬሙ ውስጥ ካልነበረ ግን ከወር በኋላ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ሰው ነጩን ከየት ያመጣዋል? በትዝታ ነው የሚያርመው፤ ትዝታ ደግሞ ነጠላን ሁልጊዜ ከነበረው የበለጠ ያነጣዋል።

ፍርዴ እንዲህ ነው። ብራና፣ ሥዕል፣ ንዋየ ቅድሳት፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ጨርቅና ለሰነድ የሚሆን ፊት በሚነሣበት ጊዜ የመጀመሪያው ወገን ያለ ቅሬታ ይረታል፦ አንድ ዓይነት መብራት፣ ቀዩን የሚሰጥ መብራት፣ ካርድ፣ የተቆለፈ ቁጥር። ሌሊት ማኅሌት፣ ከተራ፣ ሰርግና የቤተሰብ ማታ ሲሆን ለሁለተኛው ወገን አደላለሁ፤ ሆኖም በአንድ ገደብ። ሙቀቱ የሚቆየው የሰውየው መልክ እስኪጠፋ ድረስ አይደለም፤ ጠይሙ ጠይም ሆኖ ይታይ፣ ከዚያ በኋላ ጀርባው የፈለገውን ያህል ወርቅ ይምሰል። በጧፍ ብቻ ለሚበራ ቤት ካሜራውን በ2,500 ወይም በ2,800 መቆለፍ ዓይን ካየው ጋር ይቀራረባል። ቅይጥ ከሆነ ቁጥር ከመፈለግ በፊት ኤልኢዲው ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋ ዘንድ አስተዳዳሪውን በትሕትና መጠየቅ ከማንኛውም ማስተካከያ የበለጠ ውጤት አለው።

የሰቆጣ፣ የአምደወርቅና የደጋው ዋግ ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን የሻደይ ሣር አረንጓዴ ማንም የዋግ ሰው አይስተውም፤ በየሌሊቱም እንደዚያው የማይሳት መነሻ ያስፈልጋችኋል። ማኅሌቱ ሳይጀመር፣ ሙሽሮቹ ሳይገቡ፣ ካርዱን ወይም ቴፍሎኑን በዚያው መብራት ሥር ይዛችሁ አንድ ፎቶ አንሡ። ለቤተሰቡ ሙቁን ስጡ፤ ያንን የመጀመሪያውን ፎቶና ያልተነካውን ራው ፋይል ግን አትሰርዙ።